በሕንድ ትንንሽ ከተሞች የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ መክፈት፦ ሲሚንቶው ሰው ይጠራል፣ ትርፉ ግን መታጠቢያ ቤቱ ጋ ነው

ሕንድ ውስጥ ቤት የሚሠራው ሙምባይና ዴልሂ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ጎራክፑር ወይም ሲዋን ድረስ አውቶቡስ ይያዝና በመስኮት ይመልከት። ከየቤቱ ጣሪያ ላይ ፌሮ ሽቅብ ቆሞ ያያል። አንዳንዱ ዝጓል። አንዳንዱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። አንዳንዱ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍቶበታል። ባለቤቱ ገንዘብ አልቆበት ያቋረጠው እንዳይመስላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ "ልጄ ሲያገባ አንድ ፎቅ እጨምራለሁ" ብሎ ሆን ብሎ የተወው ነው። ለሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ያ ፌሮ የገበያ ጥናት ነው፣ ያውም በነፃ።

ፍላጎቱ በአንድ ጀምበር አልመጣም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2014 ስዋች ባራት የሚባለው የንጽሕና ዘመቻ ተጀመረና በየመንደሩ ሽንት ቤት ተሠራ። በ2015 ለከተማ፣ በ2016 ለገጠር፣ ፕራዳን ማንትሪ አዋስ ዮጃና የተባለው የመንግሥት የቤት ፕሮግራም መጣ። በ2017 ሳውባግያ መብራት ላልነበራቸው ቤቶች መብራት ማስገባት ጀመረ። በ2019 ደግሞ ጃል ጂቫን ቧንቧ መዘርጋት ያዘ። ያኔ የቧንቧ ውሃ የነበራቸው የገጠር ቤቶች 3.2 ክሮር ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ ከ15 ክሮር በላይ ሆነዋል። ክሮር ማለት 10 ሚሊዮን ነው፣ ላክ ደግሞ 100 ሺህ። እዚያ በሚሊዮን የሚቆጥር ሰው አታገኙም፣ ስለዚህ ቶሎ ልመዱት።

አሁን እስቲ አስቡት። ውሃ ግቢ ገባ። ቀኑን ሙሉ ስለማይመጣ ታንከር ያስፈልጋል። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ከወጣ ቧንቧ መውረድ አለበት። ቧንቧው ከወረደ ሻወር ይመጣል። ሻወር ያለበት ግድግዳ ሴራሚክ ካልለበሰ ደግሞ እርጥበቱ ልስኑን ያረግፈዋል። አንድ የመንግሥት ቧንቧ አምስት ዕቃ ጎትቶ ያመጣል ማለት ነው። ይህን ሰንሰለት የገባው ነጋዴ ምን ማስገባት እንዳለበት ማንንም አይጠይቅም።

በዚያ ላይ የባሕረ ሰላጤው ገንዘብ አለ። የቢሃሮቹ ሲዋንና ጎፓልጋንጅ፣ የኬራላው ማላፑራም፣ የቴላንጋናው ካሪምናጋር ልጆቻቸውን ዱባይና ሪያድ ልከው ቤቱን እዚህ ያቆማሉ። እነዚህ ደንበኞች ስልካቸው ላይ ያዩትን የመታጠቢያ ቤት ፎቶ ለወንድማቸው ይልካሉ፤ ወንድም ፎቶውን ይዞ ሱቅ ይመጣል። ፎቶው ላይ ያለው ዕቃ ከሌላችሁ "ሌላ ጥሩ አለ" ብላችሁ አትድከሙ፣ አይሰማችሁም።

ከተማውን መምረጥ

"ሁለተኛ ደረጃ፣ ሦስተኛ ደረጃ ከተማ" የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ ሦስተኛ ደረጃ የሚለው ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰው ያለበትን ነው። ነጋዴውና ጋዜጣው ግን ኢንዶርንና ኮይምባቶርን የሚያክል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ይሉታል። የሚሊዮኖች ከተማ እኮ ነው! ስለዚህ ስሙን ተዉት። በ2011ዱ ቆጠራ ሕንድ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ከተሞች ነበሯት፤ ሚሊዮን ያለፉት 53 ብቻ ናቸው። የእናንተ ከተማ ከቀሩት መሃል ነው።

እኔ ብሆን የምመርጠው በዙሪያው ብዙ መንደር ያለው፣ የገበያ ቀን ያለው፣ አዲስ መንገድ የነካው ከተማ ነው። የፑርቫንቻል ፈጣን መንገድ በ2021፣ የቡንዴልካንድ በ2022 ሲከፈቱ ከዳር የነበሩ ወረዳዎች ለከባድ መኪና ቀረቡ። ሲሚንቶና ሴራሚክ ከባድ ዕቃ ነው፤ መንገድ ዋጋውን ይወስነዋል።

ሱቅ ከመከራየታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ስጡት። በሞተር ሳይክል ዙሩና ሽቅብ የቆመውን ፌሮ፣ ያልተለሰነውን ግድግዳ፣ በር ያልገባለትን ቤት ቁጠሩ። ሦስቱ የተለያየ ገበያ ናቸው። ፌሮው ሲሚንቶ ይፈልጋል፣ ያልተለሰነው አሸዋና ፑቲ (የግድግዳ ማለስለሻ)፣ በር የሌለው ደግሞ ኮምፔንሳቶ፣ ማጠፊያና ቀለም። ከዚያ ጠዋት በማለዳ ሌበር ቾውክ ሂዱ። የቀን ሠራተኛ ቆሞ አሠሪ የሚጠብቅበት መስቀለኛ መንገድ ነው፣ የሌለበት ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ግንበኛ (እዚያ ሚስትሪ ነው የሚባለው) ፈልጉና ሻይ ጋብዙ። ጥያቄው አጭር ይሁን፦ ዕቃ ከየት ነው የምትገዛው? መሃል ላይ አልቆ ሥራ የሚያስቆምህ ምንድን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ሲሚንቶ አይሆንም። የቧንቧ መገጣጠሚያ ክርን ነው፣ የሴራሚክ ማጣበቂያ ነው፣ ግማሽ ኢንች ቫልቭ ነው። ለአንዲት ክርን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቧንቧ ሠራተኛ ካለ፣ ሱቃችሁ እዚያ ነው።

ነባር ሱቆችንም ግቡና እዩ። አቧራ የጠጣው መደርደሪያ የቱ ነው? እሱን አትድገሙት።

ዕቃውን በቤቱ አካሄድ ማስገባት

አዲስ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያለውን ካፒታል በሙሉ ሲሚንቶና ፌሮ ላይ ያፈሰዋል፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚሸጥ እሱ ነው። ይሸጣል፣ ግን ትርፉ ስስ ነው። ዋጋውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ አምስት ሩፒ ብትጨምሩ ደንበኛው መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። ሲሚንቶ ሰው መጥሪያ ነው። ሰውየው መሠረት ሲያወጣ ካወቃችሁት፣ ከስድስት ወር በኋላ ሴራሚክና ቧንቧ የሚገዛው ከእናንተ ይሆናል። ትርፉ የሚገኘው ያኔ ነው።

ለግምት እንዲመቻችሁ፣ እዚያ ተቋራጩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ስሌት አለ፦ ለአንድ ካሬ ጫማ ግንባታ 0.4 ከረጢት ሲሚንቶና 4 ኪሎ ገደማ ፌሮ። 1,000 ካሬ ጫማ ቤት ወደ 400 ከረጢትና 4 ቶን ይበላል። በመንግሥቱ የገጠር ፕሮግራም የሚሠራው ቤት ቢያንስ 25 ካሬ ሜትር ነው፣ 270 ካሬ ጫማ ገደማ፤ ይህ ወደ 110 ከረጢት ይሆናል። በወር ስንት መሠረት እንደሚወጣ ካወቃችሁ መጋዘኑ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። መለኪያውም እንዳያደናግራችሁ፦ ቦታ በጋጅ ይጠራል፣ አንዱ ጋጅ 9 ካሬ ጫማ ነው። ማሃራሽትራ ውስጥ አሸዋ በብራስ ይሸጣል፣ 100 ኪዩቢክ ጫማ ማለት ነው። ሌላ ቦታ በትራክተር ተሳቢ ነው፤ ተሳቢው ደግሞ እንደ ባለቤቱ ይሰፋል ይጠባል። ራሳችሁ በሜትር ለኩት።

ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ነው የሚመጣው። ስትረከቡ መጀመሪያ የምታዩት ማርካውን ሳይሆን ከረጢቱ ላይ የታተመውን ሳምንትና ዓመት ነው። ሦስት ወር ያለፈው ሲሚንቶ ኃይሉ ይወርዳል፣ በዝናብ ወራት ደግሞ ከዚያም ቶሎ። ከመሬት በእንጨት ርብራብ ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳ አርቁት፣ ከ10 ከረጢት በላይ አትደራርቡ። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። ታክሱንም እወቁት፦ እስከ ሴፕቴምበር 2025 ሲሚንቶ ላይ የነበረው 28 በመቶ ነበር፣ ከሴፕቴምበር 22 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል። ከታክስ በፊት 300 ሩፒ የሆነ ከረጢት 384 ይደርስ ነበር፣ አሁን 354 ነው። ለ400 ከረጢት 12 ሺህ ሩፒ ልዩነት አለው። ብዙ ባለቤት ይህን 12 ሺህ ወደ ኪሱ አይመልሰውም፤ የተሻለ ሴራሚክ ይገዛበታል።

ፌሮው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስም የሚገነባውም የሚያፈርሰውም እሱ ነው። ዲያሜትሩን በራሱ አባዙና ለ162 አካፍሉት፤ የሚመጣው የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር፦ 144 ለ162፣ 0.889 ኪሎ። አንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ 10.67 ኪሎ አካባቢ መመዘን አለበት። ጥቂት ወዲያ ወዲህ ማለት በደረጃው የተፈቀደ ነው። 9.5 ከመዘነ ግን ውፍረቱ የተሰረቀ ብረት ነው። ሱቁ በር ላይ ሚዛን አስቀምጡና ደንበኛው ፊት አንድ ቤርጋ መዝኑ። ምንም አትናገሩ፣ ዝም ብላችሁ መዝኑ። ሰውየው ማታ ሰፈር ሄዶ የሚያወራውን ወሬ በየትኛውም ማስታወቂያ አትገዙትም። ብረቱ ላይ የአይ ኤስ አይ (የሕንድ የጥራት ደረጃ) ምልክትና የፌሮ ደረጃው ቁጥር አይ ኤስ 1786 የሚል ይኑር። ሰሜን ቢሃር፣ አሳም፣ ኩች አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ኤፍ ኢ 500 ዲ አምጡ፤ "ዲ" ሳይሰበር መለጠጥ የሚችል ማለት ነው። እነዚህ ቦታዎች መሬት የሚንቀጠቀጥባቸው ናቸው። የ2001ዱን የኩች መንቀጥቀጥ ያየ ሰው ይህን አስረዱኝ አይላችሁም።

ጡብና አሸዋ? ባታከማቹ ይሻላል። ቦታ ይበላል፣ አቧራ ያመጣል፣ ጭቅጭቁ ብዙ ነው። ከምድጃውና ከአሸዋ አቅራቢው ጋር ተስማሙና ትዕዛዝ ብቻ ተቀበሉ።

መታጠቢያ ቤቱ

አሁን ወደ ትርፉ መጣን። የሕንድ ሴራሚክ አብዛኛው የሚወጣው ጉጃራት ውስጥ ካለች ሞርቢ ከምትባል ከተማ ነው። ፋብሪካው ተደርድሮ ነው ያለው። ትልቅ አከፋፋይ ካልሆናችሁ በቀጥታ ሙሉ መኪና መጫን ይከብዳችኋል፣ ስለዚህ ከሌላ ከተማ ካለ የማይፎካከራችሁ ነጋዴ ጋር አንድ መኪና ተካፈሉ። ብዙ ዓይነት አታምጡ። 15 ዓይነት በደንብ ያከማቸ፣ 60 ዓይነት በናሙና ብቻ ከደረደረው ይበልጣል፤ የትንሽ ከተማ ሰው ዛሬ አይቶ ዛሬ መጫን ይፈልጋል።

ሴራሚክ ላይ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ የሼድ (የቀለሙ ድምቀት) ቁጥር አለ። ሁለት ካርቶን ስማቸው አንድ ሆኖ የሼድ ቁጥራቸው ከተለያየ፣ ወለሉ ላይ ሲነጠፉ ግማሹ ክሬም ግማሹ ቢጫ ይመጣል። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ነው። ያኔ ባለቤቱ ግንበኛውን አይጠራም፣ እናንተን ነው የሚጠራው። ስለዚህ ስትጭኑ እያንዳንዱን ካርቶን ገልብጡና ቁጥሩን አንብቡ፣ ደረሰኙ ላይም ጻፉት። ለብክነት ከአምስት እስከ አሥር በመቶ ጨምሮ እንዲገዛ ንገሩት፤ መሃል ላይ ቢያልቅበት ያንኑ ሼድ ድጋሚ ማግኘት ሎተሪ ነው። ርካሽ ለሚፈልገው ደግሞ ከራጃስታን የሚመጣው ኮታ ድንጋይ አለ። ለግቢና ለደረጃ ሸጋ ነው፣ እንደኔ ከሆነ ከብዙ ርካሽ ሴራሚክ ይሻላል።

ኮምፔንሳቶ ስትሸጡ እውነቱን ንገሩ። ኤም አር የሚባለው (አይ ኤስ 303) የአየር እርጥበት ይችላል እንጂ ውሃ አይችልም። ኩሽና መታጠቢያ ሥር የሚገባው ቢ ደብሊው ፒ (አይ ኤስ 710) ነው። ልዩነቱን ሳትናገሩ ኤም አሩን ከሸጣችሁ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ እንደ ዳቦ ያብጥና ስማችሁን ይዞ ይወጣል።

ቀለም ላይ ዛሬ ፉክክሩ ጦፏል። ኤዥያን ፔይንትስና በርገር በየከተማው ነበሩ፣ በ2024 ደግሞ ቢርላ ኦፐስ ገባ። ለእናንተ ጥሩ ነው፤ አዲስ የገባ ኩባንያ ቦታ ለመያዝ ስለሚጣደፍ ቀለም መቀላቀያ ማሽኑን በምን ሁኔታ እንደሚሰጣችሁ መደራደር ትችላላችሁ። ከአንዱ ጋር ከመፈረማችሁ በፊት ሦስቱንም አነጋግሩ።

ሚስትሪው፣ ዱቤውና ወቅቱ

የትንሽ ከተማ ባለቤት ስለ ቧንቧ ዓይነት ምንም አያውቅም፣ የሚያውቀው ሚስትሪውን ነው። ሚስትሪው "ይሄን ግዛ" ካለ አለቀ። ቀለም ኩባንያዎች ይህን ስለሚያውቁ ባልዲው ውስጥ ለቀቢው የሚሆን ኩፖን ይከታሉ። እናንተም ለሚስትሪው የምታደርጉት ነገር መኖሩ አይቀርም። ምክሬ ግን በስውር ኮሚሽን እንዳይሆን ነው፣ ምክንያቱም ኮሚሽኑ ዋጋው ላይ ይገባል፣ ባለቤቱ አንድ ቀን ይደርስበታል፣ ያኔ ሁለታችሁም ታጡታላችሁ። መሰርሰሪያ በነፃ አውሱት። ሱቅ ሲመጣ ሻይ ይጠብቀው። ዕቃ በስልክ ሲያዝ በአንድ ሰዓት ይድረስለት። ጋሊ በሚባለው ጠባብ የሰፈር መንገድ ውስጥ ለመግባት ሰዉ "ቾታ ሃቲ" (ትንሿ ዝሆን) የሚላት ታታ ኤስ ትበቃችኋለች፤ 750 ኪሎ ገደማ ትጭናለች፣ 15 ከረጢት።

ዱቤ የማይቀር ነው። ጥያቄው ለማን፣ መቼ የሚለው ነው። በመንግሥት ፕሮግራም የሚሠራው ሰው ገንዘቡን በአንዴ አያገኝም። በገጠሩ ፕሮግራም ሜዳ ላይ 1.2 ላክ፣ ተራራማ አካባቢ 1.3 ላክ ሩፒ በየደረጃው ይከፈለዋል፤ የሠራው ደረጃ ከነቦታው በስልክ ፎቶ ይነሣና ቀጣዩ ክፍያ ወደ ባንክ ሂሳቡ ይገባል። ስለዚህ ዱቤያችሁን ከደረጃው ጋር እሰሩት። የመሠረቱን ሳይከፍል የግድግዳውን አትስጡ። ከሁሉ በላይ ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ተጠንቀቁ፤ የማንም ኪስ የሚደርቀው ያኔ ነው። ካታ በሚሉት የዱቤ መዝገብ ላይ ጻፉ፣ የተጻፈውን በዚያኑ ቀን በዋትስአፕ ላኩለት። ክፍያ በዩፒአይ (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላከው) ከሆነ ማስረጃውም ይቀመጣል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ዝናቡ ጁን ላይ ከኬራላ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፣ እስከ ሴፕቴምበር ይቆያል። የጡብ ምድጃ ይዘጋል፣ በብዙ ግዛት ከወንዝ አሸዋ ማውጣት ይቆማል፣ ዋጋው ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሲሚንቶ አታከማቹ፣ የውስጥ ሥራ ዕቃ አምጡ። ዲዋሊ ከሚባለው የብርሃን በዓል በፊት ባሉት ሳምንታት ቀለም ይጠፋል፣ ቀድማችሁ ሙሉ። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ 14 ድረስ ያለው ካርማስ በቢሃርና በኡታር ፕራዴሽ ለአዲስ ሥራ ጥሩ ቀን አይደለም ይባላል፤ መሠረት የሚያወጣ ሰው ይቀንሳል። ስንዴው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ኤፕሪል ላይ፣ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ይይዛል። በዚሁ ሰሞን አዲስ ሥራ ለመጀመር መልካም የሚባለው ቀን አክሻያ ትሪቲያ ይመጣል፣ የሚጀምር ሁሉ ይጀምራል። የመጀመሪያ ሱቃችሁን ጁላይ ላይ አትክፈቱ።

ወረቀቱ

ወረቀቱን ባጭሩ። ጂ ኤስ ቲ (የዕቃና የአገልግሎት ታክስ) ላይ መመዝገብ የግድ የሚሆነው በብዙ ግዛት ዓመታዊ ሽያጭ 40 ላክ ሩፒ ሲያልፍ ነው፤ ሲሚንቶና ፌሮ የሚሸጥ ሱቅ ቶሎ ያልፈዋል። እስከ 1.5 ክሮር ለሚሸጥ ነጋዴ 1 በመቶ ብቻ የሚያስከፍል ቀላል አሠራር አለ። ግን ከግዛት ውጭ መሸጥ አይፈቅድም፣ ለገዢ የሚተላለፍ የታክስ ደረሰኝም አይሰጥም። ኡታር ፕራዴሽ ዳር ያለችው ጃንሲ ላይ ሱቅ ብትከፍቱ ደንበኛችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ ግዛት፣ ማድያ ፕራዴሽ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ሄዳችሁ ካስረከባችሁ አሠራሩ አይሆናችሁም። ከ50 ሺህ ሩፒ በላይ ጭነት ኢ-ዌይ ቢል የሚባል የኤሌክትሮኒክ የጭነት ሰነድ ያስፈልገዋል (ከግዛቱ ለማይወጣ ጉዞ አንዳንድ ግዛት ከፍ ያለ ጣሪያ ይሰጣል)። ኡድያም የሚባለው የአነስተኛ ድርጅት ምዝገባ ነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ደላላ ካለ እለፉት። ሙድራ የሚባለው ለአነስተኛ ነጋዴ የሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም ብድር ጣሪያ በ2024 ወደ 20 ላክ ከፍ ብሏል፣ ግን 20ው ቀድሞ ወስዶ በደንብ ለመለሰ ነው። የውጭ ዜጋ ከሆናችሁ ደግሞ ብዙ ማርካ በችርቻሮ መሸጥ በውጭ ካፒታል ጥብቅ ነው፦ እስከ 51 በመቶ፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ ያውም ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር ይዞ። ጅምላ ግን 100 በመቶ ክፍት ነው። ስለዚህ ከሕንዳዊ ቸርቻሪ ጋር የምትሠሩ ከሆነ እናንተ ጅምላው ጋ ቁሙ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ የተረፈ ዕቃ። ቤቱ ሲያልቅ ባለቤቱ አራት ካርቶን ሴራሚክና ሁለት ባልዲ ቀለም ይዞ ይመጣል። ያልተከፈተውን፣ ሼዱ መጋዘናችሁ ካለው ጋር የሚገጥመውን ካርቶን በ30 ቀን ውስጥ እንደምትመልሱለት ከመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ ጻፉለት። የተቀላቀለ ቀለም አይመለስም፣ ይህንንም ጻፉ። ካርቶኑን ሲመልስ ታዲያ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ጎረቤቱ ማን እንደሚሠራ ጠይቁት።